የሚሞረድ መጋዝ

እንጨት ሥራ ሊማሩ የሚመጡ ልጆች ገና ሳይቀመጡ የሚጠይቁኝ ስለ መሣሪያ ነው። «ጋሼ፣ ምን ምን ልግዛ?» ወረታ ሱቅ ውስጥ በላስቲክ የታሸገ የመሮ ስብስብ አይተው ልባቸው ተሰቅሏል። የርግብ ጭራ የሚመስለውን የሳጥን ማዕዘን በእጁ መቁረጥ ለሚፈልግ ጀማሪ መልሴ አንድ ነው፦ ራስህ ልትስለው የማትችለውን አትግዛ።

ይህ ማጋጠሚያ ለፎገራ ሜዳ ይገባዋል። ሩዙ ኅዳርና ታኅሣሥ ታጭዶ ገንዘብ እጅ ሲገባ፣ ለጥር ሠርግ ሳጥን ይታዘዛል። እንጨቱ በበጋ ደርቆ ይሠራል። ክረምት ገብቶ የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳው ላይ ሲተኙ፣ ያው ጣውላ እርጥበት ይጠጣና በጎኑ ያብጣል፤ በጋ ሲመለስ ይሰበሰባል። በምስማር የተመታ ማዕዘን ይህን አይችለውም፤ ምስማሩ ይዝጋል፣ ቀዳዳው ይሰፋል። በርግብ ጭራ በተያያዘ ሳጥን ግን የአራቱም ጣውላ ክር ሳጥኑን ዞሮ ስለሚሄድ ሁሉም አብሮ ያብጣል፣ አብሮ ይሰበሰባል። ጭራው ወደ ጫፉ ስለሚሰፋ ደግሞ ኮላው ቢለቅ እንኳ ጣውላው ተጎትቶ አይወጣም።

ገንዘቡ መጀመሪያ ለመጋዝ ይዋል። ጫፍ ጫፉ የጠቆረ ጥርስ ያለው መጋዝ በሙቀት የጠነከረ ነው፤ ሞረድ አይበላውም፣ ሲደነዝ ይጣላል። ስለዚህ ጥርሱ ከሌላው አካሉ ጋር አንድ ዓይነት ቀለም ያለውን፣ አጭርና ስስ የሆነውን፣ ጀርባው ላይ ብረት የታጠፈበት ከተገኘ እሱን ይምረጥ። ለጣውላ መቁረጫ የሚሸጠው ሰፊ መጋዝ በኢንች 7 ወይም 8 ጥርስ ነው ያለው፤ ለዚህ ሥራ 15 አካባቢ ይሻላል። ጭራ ስንቆርጥ መጋዙ የሚወርደው በእንጨቱ ክር አቅጣጫ ስለሆነ ጥርሱ ቀጥ ተብሎ ይሞረዳል እንጂ አግድም እንደሚቆርጠው ሰያፍ አይደረግም። ጥርሱ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ከመጠን በላይ ከተዛነፈ መጋዙ በቀደደው ውስጥ ይዋልላል፤ በመሳያ ድንጋይ ሁለቱን ጎን ቀስ ብሎ አንድ አንድ ጊዜ ማሸት ያስተካክለዋል። መጋዙ በተገዛበት ቀን ባለ ሦስት ማዕዘን ትንሽ ሞረድ አብሮ ይገዛ።

መሮ ሁለት ይበቃል፤ ባለ 6 እና ባለ 12 ሚሊ ሜትር። ከታሸገው ስብስብ ይልቅ ቀጥቃጭ ከመኪና ባሌስትራ የሠራውን እመርጣለሁ፤ ብረቱ ስለቱን ይይዛል። ጎንና ጎኑ ግን ሳስቶ መሠራት አለበት፤ አለዚያ ወደ ጭራው ጠባብ ጥግ አይገባም። አፉ 25 ዲግሪ ላይ ይሳላል፣ ጫፉ ብቻ 30 ቢሆን ይበረታል። ጀርባው ፍጹም ልሙጥ እስኪሆን ድንጋይ ላይ ይታሽ፤ ብዙዎቹ የሚሰለቹት እዚህ ላይ ነው። ስለቱን መፈተኛው የለስላሳ እንጨት ግንባር፣ ማለትም ክሩ የተቆረጠበት ጫፍ ነው፦ የተሳለ መሮ ግንባሩን አብርቶ ይልጣል፣ ያልተሳለው ክሩን ይጨፈልቅና ዱቄት ያደርገዋል።

ስኳድራ ሲገዛ እዚያው ሱቁ ውስጥ ይፈተን። ቀጥ ባለ የጣውላ ጠርዝ ላይ አስደግፎ መስመር ማስመር፣ ገልብጦ እዚያው ላይ ደግሞ ማስመር፤ ሁለቱ መስመሮች ከተለያዩ መልሶ መስጠት ነው። መስመሩም በእርሳስ ሳይሆን በስለታም ቢላዋ ይጫር፤ መሮው ጭረቱ ውስጥ ራሱ ይገባል። ለጭራው ዝንባሌ የተለየ መለኪያ አያስፈልግም፤ 7 ወደ ታች፣ 1 ወደ ጎን ለክቶ ካርቶን መቁረጥ ነው። የእንጨት መዶሻውን ከወይራ ራሱ ይሥራው።

መማሪያው ዋንዛ አይሁን። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጥድ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ ከልክሎ ነበር፤ ከገበሬ ማሳ የሚወጣውም ዓመታት የፈጀ ነው። በደነዘ መጋዝ የተበላሸ የዋንዛ ጣውላ ሳይ ያመኛል። ባሕር ዛፍም ለጀማሪ አይመችም፤ ይጠማዘዛል፣ ይሰነጠቃል። ግራቪሊያ ይሻላል፦ እየተተከለ ነው፣ ሲደርቅም ለመጋዝ ይገራል። በእሱ ቁራጭ ላይ መጀመሪያ መስመር ተከትሎ መቅደድ ብቻ ይለመድ፤ መጋዙ መስመሩን ሳይበላ ከጎኑ መውረድ ሲጀምር፣ ያኔ ሁለት ጣውላ ለማጋጠም ይነሣ።