የማይሰፋው ገላጣ

የልጃቸው ራስ ላይ ገላጣ አይተው የሚመጡ ወላጆች አብዛኛውን ጊዜ የበሽታውን ስም ይዘው ነው የሚመጡት፤ «ቆረቆር ነው»፣ አለዚያም «ላሽ ነው»። ቆረቆር በአገራችን ልጆች ዘንድ እጅግ የተለመደ ስለሆነ አይፈረድባቸውም። በግንባርና በጆሮ መካከል፣ ጫፉ ወደ ላይ የሾለ ባለ ሦስት ማዕዘን ገላጣ ሳይ ግን መድኃኒት ለማዘዝ አልቸኩልም።

ከሁሉ በፊት የምጠይቀው ሰፍቶ እንደሆነ ነው። ላሽ በሳምንታት ውስጥ ሊሰፋ፣ መልሶም ሊያበቅል ይችላል። ቆረቆር ይቀርፋል፣ ፀጉር ይሰብራል። ፈረንሳዊው የቆዳ ሐኪም ሬሞን ሳቡሮ እ.ኤ.አ. በ1905 የገለጸው ይህ ባለ ሦስት ማዕዘን ገላጣ ግን ከልጁ ጋር ከማደጉ በቀር ባለበት ይኖራል። አብሮ የሚወለድ ይባል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ልብ የሚባለው ከ2 ዓመት በኋላ ነው። የሕፃን ፀጉር ሁሉም ስስ ነው፤ ልዩነቱ የሚታየው ዙሪያው ሲጠነክር ነው። ራሱን ቶሎ ቶሎ የሚላጭ ልጅ ላይማ ይበልጥ ይዘገያል። ስለዚህ ስልካቸው ላይ ያለውን የክርስትናና የልደት ፎቶ አስወጣቸዋለሁ። ለሴት ልጅ የሹሩባውን ነገር ሳልጠይቅ አላልፍም፤ አጥብቆ መጎንጎንም ያንኑ የፀጉር ዳር ያሳሳልና።

ቀጥሎ ደርሞስኮፕ የተባለውን የቆዳ ማጉያ አነሳለሁ። ቆዳው ለስላሳ ነው፤ ቅርፊትም ጠባሳም የለውም። የፀጉር ቀዳዳዎቹ በቦታቸው ናቸው፤ የሚወጣባቸው ግን ቀጭንና አጭር ፀጉር ነው። የላሽ ምልክት የሆነው ሥሩ የቀጠነ ስባሪ፣ የቆረቆር የሆነው የተጠማዘዘ ፀጉር አይገኝም። ይህን ያየ ሐኪም ናሙና መቁረጥ እምብዛም አያስፈልገውም።

አብሮ የተወለደ ገላጣ ሁሉ ግን እንዲህ ገር አይደለም። አናት ላይ ሆኖ ሲወለድ ቁስል ወይም ስስ ሽፋን የነበረ፣ ዙሪያውን ጥቁር ጥቅጥቅ ያለ ፀጉር የከበበው ከሆነ፣ ከሥሩ ከአንጎል ጋር የተያያዘ ችግር ሊኖር ስለሚችል መርፌም ምላጭም ሳይነካው በኤምአርአይ ይታይ። ቢጫማና ሰም መሳይ ከሆነ ደግሞ በጉርምስና ሊወፍር ስለሚችል ክትትል ይፈልጋል።

ባለ ሦስት ማዕዘኑን ግን የፈንገስ ክኒንም ሆነ የስቴሮይድ መርፌ አይለውጠውም። ጤናን አይጎዳም፤ መልኩ ያስጨነቀው ሰው አድጎ ፀጉር ማስተከል ይችላል። ለሥራ ባልደረቦቼ የምለው አንድ ነው፦ መድኃኒቱ አልሠራ ሲል ሌላ መድኃኒት ከመጻፋችሁ በፊት የሰጣችሁትን ስም መርምሩ።