ከፎቶግራፍ በስተኋላ ያለው ታሪክ የማን ነው?

ወይዘሮ ዶሮቲያ ላንግ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1936 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ፥ ኒፖሞ አጠገብ፥ በአተር ለቃሚዎች ሰፈር ያነሡት ፎቶግራፍ «ስደተኛዋ እናት» በመባል ይታወቃል። በሥዕልነቱ ነቀፋ የለብንም፤ ነቀፋችን በተነገረለት ታሪክ ላይ ነው።

ላንግ በ1960 ዓ.ም. ባሳተሙት ጽሑፍ የሴትዮዋን ስምና ታሪክ እንዳልጠየቁ ይገልጻሉ፤ ነገር ግን ለምግብ መግዣ የመኪናቸውን ጎማ ሸጠዋል ሲሉ ይተርካሉ። ሴትዮዋ ወይዘሮ ፍሎረንስ ኦዌንስ ቶምሰን መሆናቸው የታወቀው በ1978 ዓ.ም. ነው። የቸሮኪ ነገድ ተወላጅ ነበሩ። ቤተ ሰባቸው የጎማውን ነገር ሐሰት ነው ብሏል፤ እርሳቸውም ከሥዕሉ አንዳች ገንዘብ አላገኘሁም ሲሉ አማርረዋል። ፎቶግራፉ በጋዜጣ ከወጣ በኋላ መንግሥት ወደ ሰፈሩ ምግብ ልኳል፤ የቶምሰን ቤተ ሰብ ግን አስቀድሞ ከዚያ ተነሥቶ ሄዶ ነበር።

እርግጥ የለቃሚዎቹ ረኃብ እውነት ነበር፤ ሥዕሉም ለብዙዎች እንጀራ አስገኝቷል። ይሁን እንጂ የአንሺው መልካም አሳብ ለትረካው እውነትነት ዋስ አይሆንም። ስለዚህ ፎቶግራፍን በማስረጃነት የሚጠቅስ ተማሪ የአንሺውን ቃል ብቻ ሳይሆን የተነሺውንም ቃል ፈልጎ ሁለቱን ማመሳከር ይገባዋል።