«ባለቤቱን አስምር»፦ የእንግሊዝኛን ዐረፍተ ነገር ባለቤትና ማሰሪያ ስለሚያስለየው መልመጃ የቀረበ ሒስ

በእንግሊዝኛ ሰዋስው ትምህርት ዕድሜ ጠገብ ከሆኑት መልመጃዎች አንዱ፣ ተማሪው በዐረፍተ ነገሩ ባለቤት ሥር አንድ መስመር፣ በማሰሪያው ግስ ሥር ደግሞ ሁለት መስመር እንዲያሰምር የሚጠይቀው ነው። መልመጃው ለመምህሩ ለማረም፣ ለተማሪውም ነጥብ ለማግኘት የሚያመች በመሆኑ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሲሸጋገር ኖሯል። ይሁን እንጂ አንድ መልመጃ ለረጅም ዘመን መቆየቱ የሚፈለግበትን አገልግሎት መስጠቱን አያረጋግጥም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መልመጃው ምን እንደሚለካ፣ ምን ሳይለካ እንደሚያልፍና ለኢትዮጵያ ተማሪ እንዲጠቅም በምን መልክ ሊቃና እንደሚገባ መመርመር ነው።

ጉዳዩ የሰዋስው ብቻ አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት፣ በሁለተኛ ደረጃና በከፍተኛ ትምህርት ደግሞ እንደ ማስተማሪያ ቋንቋ እንዲያገለግል ደንግጓል። በመሆኑም በአንድ ረጅም ዐረፍተ ነገር ውስጥ ስለ ምን እንደሚነገርና ምን እንደተነገረ መለየት ያልቻለ ተማሪ የሚሰናከለው በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ብቻ ሳይሆን በባዮሎጂው፣ በፊዚክሱና በታሪኩም ነው።

1. የመልመጃው ምንጭ

ዐረፍተ ነገርን በሁለት መክፈል ጥንታዊ ነው፤ ፕላቶ «ሶፊስት» በተባለው ድርሰቱ ንግግር ከስምና ከግስ መጋጠም እንደሚገኝ አስረድቷል። በዘመናዊ ትምህርት ቤት ይህን አከፋፈል በሥዕል ያስፋፉት ሁለቱ አሜሪካውያን መምህራን አሎንዞ ሪድና ብሬነርድ ኬሎግ ናቸው። እነርሱ እ.ኤ.አ. በ1877 ባሳተሙት መጽሐፍ ዐረፍተ ነገሩ በአግድም መስመር ላይ ይቀመጣል፤ ባለቤቱንና ማሰሪያውን አግድሙን አቋርጦ የሚወርድ ቀጥ ያለ መስመር ይለያቸዋል፤ ገላጮቹም እያንዳንዳቸው ከሚገልጹት ቃል ሥር ይንጠለጠላሉ።

የዚህ ሥዕል ብርታት ተማሪው አንድን ቃል ከማስቀመጡ በፊት «ይህ ቃል የማን ነው?» ብሎ እንዲወስን ማስገደዱ ነው። የማስመር መልመጃ ግን ስያሜውን አስቀርቶ ዝምድናውን ጥሎታል። ተማሪው ሁለት ቃላትን አስምሮ ሲያልፍ የቀሩት ቃላት ከየትኛው ጋር እንደሚሄዱ አይጠየቅም።

2. የስያሜዎቹ ችግር

ተማሪው «ሰብጀክት» የሚለውን ቃል አስቀድሞ የሚያውቀው ሒሳብ፣ አማርኛ፣ ሳይንስ የመሳሰሉት የትምህርት ዓይነቶች መጠሪያ አድርጎ ነው። «ሲምፕል» የሚለውንም «ቀላል» ብሎ ተምሮታል። ስለዚህ «ሲምፕል ሰብጀክት» ሲባል ከጆሮው የሚደርሰው «ቀላል ትምህርት» የሚል ነው። በሰዋስው ግን ቃሉ ገላጮቹ የተነሡለትን ዋናውን ስም ያመለክታል። በዚያው የትምህርት ዘመን «ሲምፕል ሴንተንስ» የሚል ሌላ ስያሜ ይመጣል፤ እዚያ ላይ «ሲምፕል» ማለት አንድ ማሰሪያ ብቻ ያለው ማለት ነው። አንድ ቃል በሁለት ፍቺ ሲሰጥ ልዩነቱን የሚያስረዳ ከሌለ ግራ መጋባቱ የተማሪው ጥፋት አይሆንም።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ባየ ይማም በ1987 ዓ.ም. ባሳተሙት የአማርኛ ሰዋስው ዐረፍተ ነገር በስማዊ ሐረግና በግሳዊ ሐረግ የሚከፈል ሆኖ፣ እያንዳንዱ ሐረግ መሪ ቃል እንዳለው ተብራርቷል። የእንግሊዝኛው መምህር «ሲምፕል ሰብጀክት» የባለቤቱ ሐረግ መሪ ቃል መሆኑን ቢናገር፣ ተማሪው በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ያገኘውን ዕውቀት መልሶ ሊጠቀምበት ይችላል።

3. «ድርጊት ፈጻሚ» የሚለው ፍቺ

በብዙ ክፍሎች ባለቤት «ድርጊቱን የፈጸመው» ተብሎ ይተረጐማል። ፍቺው «ዘ ቦይ ኪክድ ዘ ቦል»፣ ማለትም «ልጁ ኳሱን መታ» ለሚለው ይሠራል። «ዘ ብሪጅ ዎዝ ቢልት ባይ ዘ ፋርመርስ»፣ ማለትም «ድልድዩ በገበሬዎቹ ተሠራ» ሲመጣ ግን ይፈርሳል። ድርጊቱን የፈጸሙት ገበሬዎቹ ሲሆኑ ባለቤቱ ድልድዩ ነው። «ኢት ኢዝ ሬይኒንግ»፣ ማለትም «እየዘነበ ነው» በሚለው ደግሞ «ኢት» ምንም አላደረገም፤ ነገር ግን ባለቤት ነው። በመልመጃዎቹ ውስጥ የሚደረደሩት ዐረፍተ ነገሮች አብዛኛውን ጊዜ እንደ ልጁና እንደ ኳሱ ያሉ አጫጭሮች በመሆናቸው፣ የተሳሳተ ፍቺ የያዘውም ተማሪ ሙሉ ነጥብ ያገኛል። «የመጀመሪያውን ስም አስምር» የሚል ዘዴ ለራሱ የፈጠረውም እንዲሁ። ዕውቀትን ከብልሃት የማይለይ መልመጃ መመዘኛ ሊባል አይችልም።

4. የአፍ መፍቻ ቋንቋ ድርሻ

በአማርኛ «በላች» የሚለው አንድ ቃል ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነው። ባለቤቷ ሴት፣ አንድና ሦስተኛ ሰው መሆኗን ግሱ ራሱ ይናገራል። የእንግሊዝኛ ግስ ግን ከጥቂት ቅርጾች በቀር ይህን አይናገርም፤ ስለዚህ ባለቤቱ ተለይቶ መጠራት አለበት። በራሱ ቋንቋ ልማድ «ኢዝ ሬይኒንግ» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ስንፍና አልታየበትም፤ ግሱ ብቻውን ይበቃል ብሎ አምኗል እንጂ። የማስመር መልመጃው ባለቤቱ አስቀድሞ የተጻፈለትን ዐረፍተ ነገር ብቻ ስለሚያቀርብ ይህን ስሕተት ሊያገኘው አይችልም።

ሁለተኛው ልዩነት የቃላት ቅደም ተከተል ነው። «የመጻሕፍቱ ዋጋ» ሲባል መሪው ቃል «ዋጋ» በመጨረሻ ይቆማል። በእንግሊዝኛው «ዘ ፕራይስ ኦቭ ዘ ቡክስ» መሪው «ፕራይስ» ይቀድማል፤ ከግሱ አጠገብ የሚቀረው «ቡክስ» ነው። የአማርኛውን ሥርዐት ይዞ የመጨረሻውን ስም የሚመርጥ ተማሪ «ዘ ፕራይስ ኦቭ ዘ ቡክስ ኢዝ ሃይ» በማለት ፈንታ «አር ሃይ» ብሎ ይጽፋል። ለግሱ የቀረበው ስም የሚያስከትለው ይህ ስሕተት በእንግሊዝኛ አፋቸውን በፈቱ ሰዎች ጽሑፍም ይገኛል፤ የአማርኛ ተናጋሪው ግን የራሱ ቋንቋ ሥርዐት ይጨመርበታል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በኦሮምኛ ትምህርት ቤት «መነ በሩምሳ» ይባላል፤ ቤቱ ቀድሞ ትምህርቱ ይከተላል። በዚህ ረገድ የኦሮምኛ ተናጋሪው ተማሪ ለእንግሊዝኛው ሥርዐት ከአማርኛ ተናጋሪው ይልቅ ቅርብ ነው። ግሱ በመጨረሻ በመዋሉ ግን ሁለቱ ይስማማሉ። ስለዚህ ለመላው አገር በአንድ ዓይነት የተዘጋጀ የመምህር መምሪያ ለአንዱ አላስፈላጊ የሆነውን ሲደጋግም ለሌላው የሚያስፈልገውን ሊያስቀር ይችላል።

5. ሊነሣ የሚችል ተቃውሞ

«የሰዋስው ስያሜ ማስተማር ራሱ ለምን?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። በእርግጥም እ.ኤ.አ. በ1963 በአሜሪካ ብራዶክ፣ ሎይድ ጆንስና ሾር ያወጡት ስለ ድርሰት ትምህርት የተደረጉ ጥናቶች ግምገማ፣ መደበኛ የሰዋስው ትምህርት የተማሪዎችን ድርሰት በማሻሻል ረገድ ጥቅሙ እጅግ አነስተኛ መሆኑን፣ የጽሕፈት ልምምድን ጊዜ ሲሻማም ጎጂ ሊሆን እንደሚችል ደምድሟል። ነገር ግን ግምገማው በዋናነት የሚመለከተው ቋንቋውን በቤታቸው የሚናገሩ ተማሪዎችን ነው። እነዚያ ልጆች ባለቤትን ከግስ ማስማማትን በአብዛኛው ከትምህርት ቤት በፊት ይዘውታል። እንግሊዝኛን ከመምህሩና ከመጽሐፉ ብቻ የሚያገኝ ተማሪ ይህ ዕድል የለውም። ከግምገማው ሊወሰድ የሚገባው ትምህርት ሰዋስውን መተው ሳይሆን፣ ከንባብና ከጽሕፈት የተነጠለ ስያሜ ፍሬ እንደሌለው ነው።

6. የማሻሻያ ሐሳቦች

1ኛ/ ፍለጋው ከባለቤቱ ሳይሆን ከማሰሪያው ይጀመር። ለዚህም ጊዜን መለወጥ ጥሩ መፈተኛ ነው። «ዘ ማን ስታንዲንግ ኒር ዘ ዶር ኖውስ ዩ»፣ ማለትም «በበሩ አጠገብ የቆመው ሰው ያውቅሃል» በሚለው ነገሩ ወደ ኃላፊ ጊዜ ሲዞር «ኖውስ» ወደ «ኒው» ይለወጣል፤ «ስታንዲንግ» ግን ባለበት ይቆያል። ስለዚህ ማሰሪያው «ኖውስ» ነው። እንደ «ፑት» በኃላፊ ጊዜ ቅርጻቸውን የማይለውጡ ግሶች ሲያጋጥሙ፣ ወደ ትንቢት ጊዜ ማዞር «ዊል» የሚለውን ረዳት ስለሚያመጣ ችግሩ ይወገዳል።

2ኛ/ ማሰሪያው ከአንድ ቃል በላይ ሊሆን እንደሚችል ይታይ። «ዘ ቲቸር ሃዝ ኦልሬዲ ማርክድ ዘ ፔፐርስ» በሚለው ማሰሪያው «ሃዝ ማርክድ» ነው፤ በመካከል የገባው «ኦልሬዲ» ተውሳከ ግስ እንጂ የማሰሪያው አካል አይደለም።

3ኛ/ ባለቤቱ በተውላጠ ስም በመተካት ይረጋገጥ። «ዘ ፕራይስ ኦቭ ዘ ቡክስ» በሙሉ በ«ኢት» እንጂ በ«ዘይ» እንደማይተካ ያየ ተማሪ መሪው ቃል የትኛው እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ግሱ ለምን «ኢዝ» እንደሆነም ይረዳል።

4ኛ/ ባለቤቱ ያልተጻፈባቸው ወይም ከቦታው የራቀባቸው ዐረፍተ ነገሮች ይካተቱ። «ኦፕን ዘ ዶር» ሲባል ባለቤቱ «አንተ» ወይም «አንቺ» መሆኑ ይታወቃል፤ «ዜር አር ቱ ቡክስ ኦን ዘ ቴብል» በሚለው ደግሞ ግሱ የሚስማማው ከበስተኋላው ከመጣው «ቡክስ» ጋር ነው።

5ኛ/ ዐረፍተ ነገሮቹ ተማሪው በዚያው ሳምንት ከሚያነባቸው የሌሎች ትምህርቶች መጻሕፍት ይወሰዱ። ካስመረ በኋላም ግሱን ሰርዞ በሌላ ባለቤት እንደገና እንዲጽፍ ይጠየቅ።

እነዚህ ሐሳቦች አዲስ መጽሐፍም ሆነ ተጨማሪ ወጪ አይጠይቁም፤ መምህሩ በጥቁር ሰሌዳና በጠመኔ ሊፈጽማቸው ይችላል። ከአቀድ አውጪዎች የሚጠበቀው የመምህር መምሪያዎች ሲዘጋጁ የየአካባቢውን የአፍ መፍቻ ቋንቋ ሥርዐት ከእንግሊዝኛው ጋር የሚያነጻጽር አጭር ክፍል እንዲገባ ማድረግ፣ ፈተናዎችም ከልጁና ከኳሱ አልፈው እንዲሄዱ መወሰን ነው። ባለቤትንና ማሰሪያን መለየት በራሱ ግብ ሳይሆን ለንባብና ለጽሕፈት መሣሪያ መሆኑ እስካልተዘነጋ ድረስ፣ ይህ አሮጌ መልመጃ ገና ብዙ ሊያገለግል ይችላል።