ከነገራው በፊት ያለው ምስል፦ የዓይነ ስውራን ፎቶግራፍና የአዊ ሜዳ

በጎጃም ካሜራ ዓይን ላይ ማነጣጠር ከጀመረ ቆይቷል። ትራኮማ፣ አርሶ አደሩ የዓይን ማዝ የሚለው በሽታ፣ በምሥራቅ ጎጃም ጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ሲጠና የሕፃናቱ የላይኛው የዓይን ቆብ እየተገለበጠ ፎቶ ይነሣ ነበር። የበሽታውን ደረጃ ለመለየት ነውና አልነቅፈውም። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከመቶ ኢትዮጵያውያን 1.6 ያህሉ ዓይነ ስውር መሆናቸውን አሳይቷል፤ ከመንሥኤው ግማሽ ያህሉ የሞራ ግርዶሽ፣ 11.5 በመቶው ደግሞ ትራኮማ ያተረፈው የብሌን ጠባሳ ነው። የሚቆጨኝ ሌላ ነገር ነው፦ ዓይነ ስውር በእኛ ዘንድ የሚነሣ እንጂ የሚያነሣ ሆኖ አይታሰብም።

ዓይነ ስውሩ ፎቶግራፍ አንሺ ኤቭገን ባውቻር ይህን ሐሳብ ያፈርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1946 በስሎቬንያ ተወለደ፤ በሁለት አደጋዎች 12 ዓመት ሳይሞላው ብርሃኑን አጣ። በ16 ዓመቱ የእኅቱን ካሜራ ተውሶ የሚወዳትን ልጅ ፎቶ አነሣ። በኋላ ፓሪስ ላይ ፍልስፍና ተምሮ፣ ሌሊት የካሜራውን መዝጊያ ለረጅም ጊዜ ከፍቶ፣ በእጁ በያዘው መብራት የሚፈልገውን ብቻ እያበራ ይሠራ ጀመር። ምስሉ መጀመሪያ በልቡ ያልቃል፤ ካሜራው የሚመጣው ከዚያ ወዲህ ነው።

ይህን ያነበበ የጎጃም ሰው ቅኔ ቤቱን ማስታወሱ አይቀርም። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ ወግ ተማሪው ከጓደኞቹ ተነጥሎ፣ ለምዱን ደርቦ፣ አንድ ጥግ ይዞ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ማለትም በልቡ ያዘጋጃል። ብራና አይዘረጋም፣ ቀለም አይበጠብጥም፤ ቤቱን የሚመታው፣ ቃሉን የሚሰካካው በልቡ ነው። ሲጨርስ ለነገራ፣ ቅኔውን በቃሉ ለማሰማት፣ መምህሩ ዘንድ ይቀርባል፣ ይታረማል። ትምህርቱ የቃል ስለሆነ ዓይነ ስውራን ከዚህ ጉባኤ ሊቃውንት ሆነው ወጥተዋል። የባውቻር ሌሊት ቆጠራ ነው፤ ፎቶግራፉ ነገራው።

ዓይናማ ረዳት ካለ ሥራው የማን ነው የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ከመቶ ፎቶ አንዱን መርጦ ግድግዳ ላይ የሚሰቅለው የሚያይ ሰው ነው። መምህር ያረመው ቅኔ ግን የተማሪው መሆኑ አይቀርም፤ ሐሳቡን የቆጠረው እሱ ነውና። ሐሳቡንም መምህሩ ካቀበለው ቅኔው የተማሪው አይባልም። በፎቶግራፍም ድንበሩ እዚሁ ላይ ነው።

ከሁሉ ጠልቆ የሄደው ግን የሜክሲኮው ዓይነ ስውር ፎቶግራፍ አንሺ ሄራርዶ ኒጌንዳ ይመስለኛል። ፎቶው ላይ በብሬይል ነጥብ ጻፈበት፤ ሲያነሣ የዳሰሰውን፣ ያሸተተውን፣ የሰማውን። ዓይናማው ምስሉን ያያል፣ ጽሑፉን ማንበብ አይችልም፤ ዓይነ ስውሩ ጽሑፉን ያነባል፣ ምስሉን አያይም። ሥራው እንዲሞላ ሁለቱ መነጋገር አለባቸው። ምሕረት የሚለምን ፎቶ ብዙ አይተናል፤ ይህ ግን ዓይናማውን ጠያቂ ያደርገዋል።

አሁን ወደ ጎጃም፣ ወደ አዊዋ እንጅባራ ልመለስ። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 በዓሉን ያከብራል፤ በዓድዋ የዘመቱትን ፈረሶችና ፈረሰኞች ይዘክራል። ከበዓሉ የምናያቸው ፎቶዎች እርስ በርሳቸው ይመሳሰላሉ፦ ያጌጠ ፈረስ፣ የተነሣ ጋሻ፣ አቧራ። ሌላ መንገድ ግን አለ፦ በ28 ዓመቱ ዓይኑን ያጣው ብራዚላዊው ዦአው ማያ እ.ኤ.አ. በ2016 የሪዮን ፓራሊምፒክ ሲያነሣ ጆሮውን መሪ አድርጎ ነበር። የበዓሉ የፈረስ ጉግስም ከመታየቱ በፊት ይሰማል፤ ኮቴው ከሣር ወደ ጠጠር ሲሻገር፣ ፉከራው ሲቀርብ፣ መሬቱ ከእግር ሥር ሲርድ። ከዳንግላ ወይም ከእንጅባራ የመጣ ዓይነ ስውር ወጣት እዚያ ሜዳ ዳር ቆሞ የሚመርጣት ቅጽበት እኛ ከምንመርጣት የተለየች ትሆናለች።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ30ኛው አንቀጹ የአካል ጉዳተኞች የፈጠራ ችሎታ ለራሳቸው ብቻ ሳይሆን ኅብረተሰቡንም ለማበልጸግ እንዲውል ያዛል። ስለዚህ የበዓሉን አዘጋጆችና የዞኑን ባህል ሠራተኞች እለምናለሁ፦ በሚመጣው ጥር 23 ካሜራውን ለዓይነ ስውራን ስጧቸው። ፎቶዎቹ ሲሰቀሉም ከእያንዳንዱ ጎን ያነሣው ሰው በገዛ ድምፁ፣ በአዊኛና በአማርኛ፣ ምን ሰምቶ መዝጊያውን እንደ ተጫነ ይናገር።