አስቆጣሪውና አቀባዩ

ከሮሙ የፒኜቶ ሰፈር በፕሬኔስቲና ጎዳና 5 ወይም 14 ቁጥር ትራም ይዞ ቴርሚኒ የወረደ ሰው፣ በሜትሮ ቢ መስመር ኤውር ፓላስፖርት ይደርሳል። ለ1960ው የሮም ኦሎምፒክ የተሠራው ክብ አዳራሽ እዚያ ነው። በ2008–09 የውድድር ዓመት (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የቅርጫት ኳስ ክለቡ ሎቶማቲካ ሮማ የ19 ዓመቱን ብራንደን ጄኒንግስን ያጫወተው በዚህ አዳራሽ ነበር። ኮሌጅ ሳይገባ ከአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በቀጥታ የመጣ ግራኝ ፖይንት ጋርድ (የቡድኑን ጨዋታ የሚመራ ተጫዋች) ነበር። በአውሮፓ ክለቦች ውድድር፣ በዩሮሊግ፣ ከሮማ ጋር አንድ ምድብ የደረሰው የባዳሎናው ሁቬንቱት ደግሞ የ18 ዓመቱን ሪኪ ሩቢዮን ይዞ ነበር።

ሁለቱን ሳነጻጽር ዓይኔ የሚያርፈው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ረጅሙ ጓደኛቸው ቆሞ ሲጋርድላቸውና እነሱ በጎኑ ሲዞሩ።

ሩቢዮ ከዞረ በኋላ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ጠባቂውን በጀርባው አስቀርቶ ኳሷን በቀኙ አንዴ ያነጥራል። ፊት ለፊቱ ያለው ረጅም ተከላካይ ይምጣ ወይስ ይመለስ እስኪወስን ይጠብቃል። ተከላካዩ እግሩን ሲያነሳ ኳሷ ትወጣለች። በሁለት እጅ አይሰበስባትም፤ ከምትነጥርበት በዚያው በአንድ እጁ ይገፋታል። የመንገዷን ሁለት ሦስተኛ ያህል ሄዳ መሬት ትነካና ወደ ቅርጫቱ የሚሮጠው ጓደኛው ወገብ ላይ ትነሳለች። ዝቅ ብትል ጎንበስ ሲል ሩጫው ይሰበራል፤ ከፍ ብትል የተከላካዩ እጅ ያገኛታል። ሸማኔ መወርወሪያውን በተከፈተው ድር መሃል እንደሚያሳልፍ ነው፤ ክፍተቱ ከአንድ ውርወራ በላይ አይቆይም።

ጄኒንግስ አይቀንስም። በግራው ስለሚያነጥር ቀኝ እጅ የለመደው ተከላካይ አቋቋሙ ይምታታበታል። ረጅሙ ተከላካይ ጋ ሳይደርስ፣ እርምጃውን ሳይለውጥ፣ በአንድ እግሩ ይነሳል። ኳሷን በጣቶቹ ጫፍ ከፍ አድርጎ ይለቃታል፤ ከተዘረጋው ክንድ በላይ አልፋ ትወርዳለች። በሮማ የተሰጠው ደቂቃ ጥቂት ነበር። ወደ አሜሪካው ኤንቢኤ ተመልሶ ሚልዋኪ ከገባ በኋላ ግን፣ ኖቬምበር 14 ቀን 2009፣ ጎልደን ስቴት ላይ 55 ነጥብ አስቆጠረ። በመጀመሪያው ሩብ አንድም አላገባም፤ በሦስተኛው ብቻ 29። ከሦስት ነጥብ መስመር ውጭ 8 ወርውሮ 7 አግብቷል፤ ያውም መስመሩ ሮም ውስጥ ከለመደው 6.25 ሜትር ወደ 7.24 ርቆበት።

በኤንቢኤ የመጀመሪያ ዓመቱ ጄኒንግስ በአማካይ 15.5 ነጥብና 5.7 አሲስት አስመዘገበ። ሩቢዮ ደግሞ በራሱ የመጀመሪያ ዓመት፣ በ2011–12፣ 10.6 ነጥብና 8.2 አሲስት። ሁለቱም ከወረወሩት 40 በመቶ እንኳ አላገቡም። ይህ ይበልጥ የሚጎዳው አቀባዩን ነው። ይስታል ብለው ስለሚያስቡ ተከላካዮች ከሩቢዮ ወደ ኋላ ይሸሻሉ፤ ሲሸሹ ደግሞ የማቀበያውን መንገድ ይዘጋሉ። 8.2 የተገኘው በዚያ ጥበት ውስጥ ነው፤ እኔም ከሁለቱ ሥራ የእሱን የማስቀድመው ለዚህ ነው። አሲስት የሚመዘገበው ተቀባዩ ካገባ ብቻ ነው። ሩቢዮን ስመለከት ግን ወገብ ላይ የደረሰችዋን ኳስ፣ ተቀባዩ ቢስታትም፣ እቆጥራታለሁ።