ወሰን የለሽ መረብና የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ኃይል፤ በአንድ የመማሪያ አምሳያ ላይ የቀረበ ሂስ

የኤሌክትሪክ ኃይል መረብ መረጋጋትን የሚያጠና ተማሪ በመጀመሪያ የሚያገኘው አምሳያ፣ ኤድዋርድ ኪምባርክ በ1948 እ.ኤ.አ. መጽሐፉን ካሳተመ ወዲህ እምብዛም አልተለወጠም። አንድ ጄኔሬተር በአንድ መስመር ወሰን የለሽ ከተባለ መረብ ጋር ተያይዞ ይቀርባል። ወሰን የለሽ መባሉም ጄኔሬተሩ ምንም ቢሆን የመረቡ ቮልቴጅና የ50 ሄርትዝ ድግግሞሹ አይናወጡም ተብሎ ስለሚታሰብ ነው። አንድን በሬ ከተራራ ጋር እንደ መጥመድ ይቆጠራል።

አምሳያው በእርሳስና በወረቀት ስለሚሠራ ለጀማሪ ይመቻል፤ ይህ አይካድም። ጉድለቱ ግን ድግግሞሽ ሲወድቅ ከቶ አለማሳየቱ ነው። ለምሳሌ ያህል፣ በሥራ ላይ የቀሩት ማሽኖች ድምር 3000 ሜጋቮልት አምፔር፣ የኢነርሺያ ቋሚያቸውም 3 ሰከንድ በሆነበት መረብ፣ 400 ሜጋዋት የሚሰጥ አንድ ማሽን በድንገት ቢቋረጥ ድግግሞሹ በመጀመሪያው ቅጽበት በሰከንድ 1.1 ሄርትዝ ያህል ያሽቆለቁላል። መቶ እጥፍ በሚበልጥ መረብ ላይ ውድቀቱ 0.011 ብቻ ነው። የታላቁ ሕዳሴ ግድብ የመጀመሪያ ተርባይን የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ብቻውን 375 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም እንደነበረው ሲታሰብ፣ ነገሩ የክፍል ውስጥ ጨዋታ አለመሆኑ ይገባል።

ከዚህ የከፋው የውሃው ጉዳይ ነው። ከ1952ቱ ቆቃ እስከ 1870 ሜጋዋቱ ግልገል ጊቤ ሦስተኛ ድረስ የአገሪቱ ኃይል በአመዛኙ ከውሃ የሚገኝ ነው። በረጅሙ ቧንቧ ውስጥ ያለው ውሃ ከባድ ስለሆነ፣ የተርባይኑ በር ሰፋ ብሎ ሲከፈት ወዲያው አይፈጥንም፤ በተርባይኑ ዘንድ ግፊቱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ኃይሉ ከመጨመሩ በፊት ለጥቂት ጊዜ ይወርዳል። ድግግሞሽ ሲወድቅ በሩን በችኰላ የሚከፍት የፍጥነት ተቆጣጣሪ እንግዲህ ውድቀቱን ያባብሳል። በእንፋሎት ተርባይን ምሳሌ ብቻ የተማረ ሰው ይህን አይጠብቅም።

መጻሕፍቱን በጅምላ መውቀስ አይገባም፤ ፕራብሃ ኩንዱር በ1994 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ የውሃ ተርባይንን ባሕርይ በሰፊው አብራርቷል። ሂሱ የሚመለከተው በመጀመሪያው ምሳሌ የሚያበቃውን የትምህርት ዕቅድ ነው። ወደ ኬንያ የተዘረጋው የ500 ኪሎቮልት መስመርም ለዚህ ዕቅድ መከላከያ አይሆንም፤ ቀጥተኛ ጅረት የሚያስተላልፍ ስለሆነ የጎረቤትን ኢነርሺያ በራሱ አያጋራም።

እንደ ልደታው ተግባረ እድ ባሉ የሙያ ተቋሞች የሚያስተምር መምህር፣ ከወሰን የለሹ መረብ ቀጥሎ አንድን ጭነት የሚጋሩ ሁለት የውሃ ተርባይኖችን ቢያቀርብ፣ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ሒሳብ ጥቂት ነው።