የልጆች መጽሐፍ ሁለት አንባቢ አለው

«ልጅን በጡት፣ እህልን በጥቅምት» የሚለው የአባቶች ብሂል ስለ ልጅ አስተዳደግ ብዙ ይናገራል። ልጅ መቀረጽ የሚጀምረው ገና ከእናቱ እቅፍ ሳይወርድ ስለ ሆነ፣ ከመምህሩ አስቀድሞ አስተማሪው ወላጁ ነው ማለት ነው። እንግዲህ ለልጆች የሚጻፉትን መጻሕፍትና ለወላጆች የሚሰጠውን ምክር በምን ሚዛን እንመዝናቸው? ብዙ ጊዜ የልጆች መጽሐፍ የሚመዘነው በምክሩ ቅንነትና በሥዕሉ ውበት ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ግን ሌላ ጥያቄ መቅደም ይገባዋል፤ ይኸውም፣ መጽሐፉ ለወላጁ ምን ሥራ ሰጠው? የሚል ነው።

ይህን ሚዛን የወሰድሁት ከገዛ ቤታችን ነው። ማታ እሳት ዳር የሚቀርበው እንቆቅልሽ ጠያቂና ተጠያቂ ካልተባበሩበት አይቆምም። አንዱ «እንቆቅልሽ» ሲል ሌላው «ምን አውቅልሽ» ካላለ ጨዋታው አይጀመርም፤ መልሱ የጠፋበትም አገር ስጥ ተብሎ አገር ይሰጣል። ልጁ በዚህ ጨዋታ ቃል ይለምዳል፣ ማሰብን ይማራል፣ ተራውን ይጠብቃል፤ ከሁሉም በላይ ግን ታላቅ ሰው እንደሚያዳምጠው ያውቃል። ፊደል ያልቆጠረች እናት እንኳ ይህን ሀብት በእጇ ይዛለች።

በዚህ ሚዛን ሲታይ፣ ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ እያተሙ ለሕዝብ ያደረሱት የፊደል ገበታ ታላቅ ብልጫና ታላቅ ጉድለት አለው። ብልጫው፣ ዋጋው ትንሽ፣ ሥርዐቱም የታወቀ ስለ ሆነ፣ ትናንት የተማረ ታላቅ ወንድም ዛሬ ታናሹን ሊያስቆጥርበት መቻሉ ነው። ጉድለቱ ደግሞ ፊደሉን ከትርጕም ጋር አለማገናኘቱ ነው፤ ልጁ «በ»ን እየጮኸ ይቆጥራል፣ ዳሩ ግን በግ በገበታው ላይ አያገኝም።

አባባ ተስፋዬ እየተባሉ የሚታወቁት ተስፋዬ ሣህሉ፣ በ2009 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ስማቸው ከልጆች ተረት ጋር ተያይዞ የኖረ፣ ከአርባ ዓመት በላይ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ልጆችን ያጫወቱ ሰው ናቸው። የእርሳቸው ጥበብ የእሳት ዳሩን ተረት ወደ መስኮቱ ማምጣታቸው ነበር። ከእርሳቸው በኋላ፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ መምህርት ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ «ፀሐይ» የተባለችውን የቀጭኔ አሻንጉሊት ይዘው ብቅ አሉ፤ የቋንቋና የጤና ትምህርትንም ከጨዋታ ጋር አዋሐዱ። ሁለቱም ምስጋና የሚገባቸው ሥራዎች ናቸው። የሆነ ሆኖ ቴሌቪዥን አንድ ፈተና አለበት፤ ወላጁ ልጁን ከመስኮቱ ፊት አስቀምጦ ወደ ሥራው ሊሄድ ይችላል። ተረቱ ካለቀ በኋላ ልጁን «ምን ሰማህ?» ብሎ የሚጠይቀው ከሌለ፣ ከትምህርቱ እኩሌታው በአየር ላይ ይቀራል።

መጽሐፍን በተመለከተ የዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ሥራ ሊጠቀስ ይገባዋል። በአሜሪካ አገር በቤተ መጻሕፍት ሠራተኛነት ሲያገለግሉ፣ በአማርኛ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ ማነስ አሳስቧቸው፣ በማሞ ቂሎ ተረት ላይ የተመሠረተ መጽሐፍ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተሙ፤ በ1995 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ ሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። የማሞ ቂሎ ተረት ለዚህ ሥራ መመረጡ መልካም ነው። ማሞ የታዘዘውን ሁሉ ያለ ቦታው ስለሚያደርግ፣ ልጁ እየሳቀ ሊያርመው ይነሣል፤ አያትም የራሷን ማሞ ጨምራ ትተርክለታለች። መጽሐፉ ሁለት አንባቢ አለው ማለት ይህ ነው።

ነገር ግን ሁለተኛው አንባቢ ማን ነው? በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆነው ሴቶች መካከል ማንበብ የሚችሉት 42 በመቶ ብቻ ነበሩ። መስቀል አደባባይ አብዮት አደባባይ ይባል በነበረበት ዘመን፣ በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እጅግ ብዙ ሰው ፊደል አስቆጥሯል፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ም የዩኔስኮን ሽልማት አስገኝቷል። ዳሩ ግን ንባብ ያልተከተለው ፊደል ይረሳል፤ ለእናትና ለልጅ አንድ ላይ የሚነበብ ጽሑፍም ያን ጊዜም ሆነ ዛሬ እንደ ልብ የሚገኝ አይደለም።

ለወላጆች ተብለው የሚዘጋጁት ወረቀቶችም ሂስ ይገባቸዋል። «የሕፃኑን አእምሮ ማነቃቃት ለሁለንተናዊ እድገቱ ወሳኝ ነው» የሚል ዐይነት ዐረፍተ ነገር የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ እንጂ የእናት ምክር አይደለም። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች በቢሮ የለመድነውን አማርኛ ወደ ማጀት ይዘን ስንገባ የሚሰማን እናጣለን። ከዚህ ይልቅ «ጎመን ስትቀነጥሺ ልጅሽ ቅጠሉን ይቍጠርልሽ» ብንል፣ ማንበብ የማትችለው እናት እንኳ ሰምታ በዚያው ቀን ትሠራበታለች።

የሚቀረው ጥያቄ ይህ ሁሉ የት ይገኛል? የሚለው ነው። በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ከተማችን የምትኮራበት ነው፤ ይሁን እንጂ ሕፃን አዝላ ከሥራ ወደ ቤቷ የምትሮጥ እናት ወደዚያ ጎራ ለማለት ጊዜ አይኖራትም። እርስዋ በየቀኑ የምታልፈው በመስቀል አደባባይ ነው። በ2008 ዓ.ም. የከተማው ባቡር በዚያ ማለፍ ጀመረ፤ በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በተባለው መርሐ ግብር መንገዱ ለመኪና ተዘግቶ ልጆች ተጫወቱበት፤ በ2013 ዓ.ም. አደባባዩ ታድሶ በሥሩ የመኪና ማቆሚያና ሱቆች ተሠሩለት። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ብዙ የካዛንቺስ ቤተ ሰቦች ወደ ሌላ ሰፈር ሲዛወሩ፣ ልጅ እየጠበቀች ተረት የምትነግረውን ጎረቤት አሮጊት ትተው የሄዱ ጥቂቶች አይደሉም። ለእነዚህ ወላጆች አዲሱ ቤት ብቻውን አይበቃም፤ የጎደለውን ድምፅ የሚተካ ነገር ይሻሉ።

ስለዚህ ደራስያን የልጆች መጽሐፍ ሲጽፉ፣ በየገጹ ወላጁ የሚጠይቀውን አንድ ጥያቄ ይጨምሩ፤ ማንበብ ለማይችልም በሥዕሉ ብቻ ተረቱን ማስኬድ ይቻል ዘንድ ሠዓሊው ይጠንቀቅ። መምህራን ልጁን «ዛሬ ማታ ከእናትህ አንድ እንቆቅልሽ ይዘህ ና» ብለው ይላኩት፤ ያመጣውንም በሰሌዳ ላይ ጽፈው ያስነብቡት። የከተማው ሹማምንትም በመስቀል አደባባይ፣ ከባቡሩ መውረጃ አጠገብ፣ በውሰት የሚሰጡ የልጆች መጻሕፍት ያሉበት አንድ መደርደሪያ፣ ከጎኑም ለእናቶች የምታነብ አንዲት ሠራተኛ እንዲኖሩ ቢያደርጉ፣ ወጪው ትንሽ ነው፤ ሥራውም ነገ ሊጀመር ይችላል።